ከሱሉልታ ቁልቁል ሲወርድ ጠዋት አልይዝ የሚል የኤሌክትሪክ አውቶቡስ እና ቻርጅ ላይ እያለ የሚነዝር በር

ሹፌር ከሱሉልታ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች እንድትረዱኝ እጠይቃለሁ። ለረጅም ዓመታት በናፍጣ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሳገለግል ቆይቼ፣ አሁን ድርጅታችን ለሠራተኞች ሰርቪስ የገዛውን 8 ሜትር ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ተረክቤ እየነዳሁ ነው። መስመሬ ከሱሉልታ ሜዳ ሠራተኞችን ሰብስቦ የእንጦጦን ጀርባ ከወጣ በኋላ በጎጃም መንገድ ቁልቁል ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርድ ሲሆን፣ ማታ በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። በርክክቡ ጊዜ የተሰጠን ገለጻ ስለ መቀመጫዎቹና ስለ ስክሪኑ እንጂ ስለ አነዳዱ እምብዛም አልነበረም።

ዋናው ጥያቄዬ ስለ ቁልቁለቱ ነው። ሌሊት ቻርጅ አድሮ 100 በመቶ ሞልቶ ስነሳ፣ ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ከፔዳሉ ባነሳም አውቶቡሱ አይይዝልኝም፤ እየተንደረደረ ስለሚሄድ እስከ ታች ድረስ ፍሬን እየረገጥኩ ለመውረድ እገደዳለሁ፤ አዲሱ ገበያ ስደርስም ከኋላ ጎማዎች አካባቢ የጋለ የፍሬን ሸራ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ ስንቀሳቀስ ግን ያው አውቶቡስ እግሬን ገና ሳነሳ ተሳፋሪ እስኪወዘወዝ ድረስ ይይዛል። ጋራዥ ወስጄው ፍሬኑ ምንም ችግር የለበትም ተባልኩ። እንግዲህ ጠዋት የሚጠፋው፣ ከሰዓት የሚመለሰው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ነገር የረዳቴ አቤቱታ ነው። አውቶቡሱ ቻርጅ ላይ እያለ በሩን ወይም የጎን ቆርቆሮውን ሲነካ ነዘረኝ ይላል፤ መሬቱ እርጥብ በሆነ ጊዜ ይብሳል። ቻርጀሩ የተተከለው በተከራየነው ግቢ ውስጥ ነው። ትንሽ ንዝረት የኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ ስለሆነ አያስፈራም የሚሉን አሉ። እውነት ነውን?

መካኒክ ከለገጣፎ፦

ወንድሜ፣ ጋራዡ ፍሬኑ ደህና ነው ማለቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ጠዋት የሚጠፋብዎት ነገር ጋራዡ የፈተሸው የሸራና የታምቡር ፍሬን አይደለም። የሚጠፋው ሞተሩ ራሱ የሚሰጠው መያዣ፣ በተለምዶ ሪጄን የምንለው ነው።

በናፍጣ አውቶቡስ ማርሽ ቀንሰው ሲወርዱ የሚይዝዎት ሞተሩ ነው፤ የቁልቁለቱም ጉልበት በሞተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ይወጣል። ስለዚህ የናፍጣ ታንከሩ ሞላም ጎደለም የአወራረዱ ነገር አይለወጥም። በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ግን እግርዎን ሲያነሱ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ፣ የአውቶቡሱን ክብደትና ፍጥነት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ አውቶቡሱ የሚያዘውም ይህን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት በሚወጣው ጉልበት ነው። ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ የለውም። ኃይሉ በግድ ቢገባ ሴሎቹን ከልክ በላይ ሞልቶ ያበላሻቸዋል፤ ይህ እንዳይሆን የባትሪው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር መግቢያውን ያጠብበዋል፣ ወይም ፈጽሞ ይዘጋዋል። ያን ጊዜ አውቶቡሱ በነፃ እንደተለቀቀ ይንደረደራል፤ ብልሽት ስላልሆነም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ላይበራ ይችላል።

ነገሩን በቁጥር ቢያዩት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው 12 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ከፍታው 400 ሜትር የሚሆን ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የባትሪዎ አቅም 150 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ይህ ከጠቅላላው 9 በመቶ አይሞላም፤ በጎማና በነፋስ የሚባክንም ስላለ ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ጠዋት ሲነሱ 10 በመቶ ያህል ክፍት ቦታ ከተዉለት ቁልቁለቱን በሙሉ ባትሪው ሊቀበለው ይችላል። ካልተዉለት ግን ያ 13 ኪሎዋት ሰዓት በሙሉ በሸራውና በታምቡሩ ላይ ይወርዳል። ይህ ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ያህል፣ ከ140 ሊትር ያላነሰ ቀዝቃዛ ውኃ ሊያፈላ የሚችል ነው። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ፣ ሽታው የጠፋ ፍሬን ምልክት ባይሆንም ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ምልክት ነው። እስካሁን ስንት ጊዜ እንደጋለ ስለማይታወቅ፣ የኋላ ታምቡሮቹን አስፈትተው ስንጥቅ መኖሩን፣ ሸራውም ተቃጥሎ እንደ መስታወት አብረቅርቆ እንደሆነ ያሳዩልኝ።

አንድ ነገር በአጽንኦት ልጨምር። ከናፍጣ የመጡ አንዳንድ ሹፌሮች ነዳጅ ይቆጥባል ሲባል በለመዱት ልማድ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ አድርገው መንከባለል ይወዳሉ። በኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይህ ምንም አያተርፍም፤ መምረጫውን ወደ ነፃው ቦታ ሲያመጡት የሞተሩ መያዣ በሙሉ ይጠፋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም ባለ አንድ ማርሽ ስለሆኑ፣ ነገሩ ሲከፋ እንደ ድሮው ወደ ሁለተኛ ማርሽ ዝቅ ብሎ ራስን ማዳን አይቻልም። በመሆኑም ፍጥነትዎን መቀነስ ያለብዎት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አናቱ ላይ ነው። እዚያው እግርዎን አንሥተው፣ የኃይል መለኪያው መርፌ ወደ ቻርጅ በኩል መዞሩን ይመልከቱ። ካልዞረ፣ የሚይዝዎት ሸራው ብቻ መሆኑን አውቀው በዝግታ፣ ፍሬኑን በረጅሙ ተጭኖ ከመውረድ ይልቅ ጠንከር አድርጎ እየያዙና እየለቀቁ፣ ለመቀዝቀዝ ጊዜ እየሰጡ ይውረዱ።

የስምሪት ክፍል ባልደረባ፦

ወንድም መካኒክ ያሉትን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «90 በመቶ ላይ አቁም» የሚለውን ምክር ሰዎች ለዘወትር ደንብ አድርገው እንዳይወስዱት እፈራለሁ። እኔ የምሠራበት ቦታ ይህ ደንብ ከወጣ በኋላ የአንዳንድ አውቶቡሶች መቶኛ መዋሸት ጀምሮ ነበር፤ 30 በመቶ እያሳየ ቆይቶ በድንገት ወደ 12 ይወርዳል።

ምክንያቱ በባትሪው ዓይነት ላይ ነው። በርካታ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች የሚጠቀሙት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ባትሪ ነው። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.2 ቮልት ሲሆን ጢም ብሎ ሲሞላ እስከ 3.65 ይደርሳል፤ በመካከለኛው የአሞላል ክልል ግን ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቮልቴጁን አይቶ ስንት በመቶ እንደቀረ በትክክል መናገር ስለማይችል፣ የገባውንና የወጣውን ኩረንት እየደመረና እየቀነሰ ይገምታል፤ ይህ ግምት ደግሞ ቀን በቀን ጥቂት በጥቂት ይዛነፋል። የሚታረመውና ሴሎቹም እርስ በርሳቸው የሚመጣጠኑት ባትሪው እስከ መጨረሻው ሲሞላ ነው። ብዙ አምራቾች በየተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል፣ ሙሉ እንዲሞላ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። የእርስዎ አምራች ምን እንዳለ መመሪያው ላይ ያረጋግጡ፤ ከእኔም ከማንም ምክር የሚበልጠው እሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው መሙላት ወይም አለመሙላት ሳይሆን፣ መቼና የት መሙላት የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ማታ የሚመለሱት ዳገት ወጥተው ስለሆነ፣ ሙሉ ቻርጁ ከዳገቱ በፊት ታች ከተማ ውስጥ ቢሆን ምንም አያውክዎትም፤ ሲነሱ ወዲያውኑ ባትሪው መጉደል ይጀምራል። ታች ቻርጀር ከሌላችሁ ደግሞ ሙሉ መሙላቱን ለእረፍት ቀን መጨረሻ አድርጉትና፣ በማግስቱ መጀመሪያ የሱሉልታ ሜዳ ላይ ያለውን የመሰብሰቢያ ዙር በሙሉ ጨርሳችሁ ወደ ዳገቱ ውጡ። ሜዳውና አጭሩ ዳገት የሚወስዱት ኃይል ለቁልቁለቱ የተወሰነ ቦታ ይከፍታል፤ ሆኖም በቂ መሆኑን አናቱ ላይ በመለኪያው ሳያዩ አይመኑ። በቀሪዎቹ ቀናት 90 ላይ ማቆሙ ተገቢ ነው፤ ለባትሪው ዕድሜም ይጠቅማል።

የጠዋቱን የቻርጅ መጠን በስምሪት ወረቀቱ ላይ ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጎን እንዲጻፍ ብታደርጉ መልካም ነው። ተተኪ ሹፌር በሚመጣበት ቀን ይህን የማያውቅ ሰው በሞላ ባትሪ ቁልቁለቱ ላይ እንዳይለቀቅ ይረዳል።

ኤሌክትሪሺያን ከገላን፦

ሁላችሁም ስለ ቁልቁለቱ ስትጽፉ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ወንድሜ፣ ይህን ካነበቡበት ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቻርጀር አይጠቀሙ። አውቶቡሱን ሌላ ቦታ ሞልተው ይሥሩ፤ ካልተገኘም ይቁም። ንዝረት የኤሌክትሪክ መኪና ጠባይ አይደለም።

በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ማለትም በብርቱካናማ ኬብሎቹ የሚሄደው 400፣ 600 ወይም ከዚያ በላይ ቮልት፣ ከአውቶቡሱ ብረት ጋር ፈጽሞ እንዳይገናኝ ሆኖ የተለየ ነው፤ ይህ መለየት እንዳልተበላሸ የሚቆጣጠር መሣሪያም በራሱ ላይ አለ። ስለዚህ ሰው የአውቶቡሱን አካል ሲነካ የሚነዝረው ኃይል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከግድግዳው በኩል ነው። በቻርጀር ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን ለማጣራት የሚገቡ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) አሉ፤ እነሱም ጥቂት ኩረንት ወደ ኧርዝ ሽቦው እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ኧርዙ በትክክል መሬት ውስጥ ከገባ ይህ ኩረንት ማንንም ሳይነካ ይሄዳል። ኧርዙ ከተቋረጠ ወይም ከነጭራሹ ከሌለ ግን፣ ከቻርጀሩ ጋር የተገናኘው የአውቶቡስ አካል በሙሉ እስከ 110 ቮልት ገደማ ተሸክሞ ይቆማል፤ አውቶቡሱም በጎማ ላይ ስለቆመ ወደ መሬት የሚያደርሰው የመጀመሪያው መንገድ በእርጥብ ጫማ ቆሞ በሩን የሚነካው ረዳትዎ ይሆናል።

ካፓሲተሮቹ የሚያሳልፉት ኩረንት ትንሽ ስለሆነ እስካሁን ነዝሮ ለቆታል። አደጋው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ነገ አንድ የፌዝ (ኃይል የሚያመጣ) ሽቦ ልባሱ ተልጦ የቻርጀሩን ብረት ቢነካ፣ ኧርዝና ሊኬጅ ብሬከር (ኃይል ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚያቋርጥ ብሬከር) ቢኖሩ ወዲያው ይወርድ ነበር፤ ኧርዝ ከሌለ ምንም ነገር ሳይወርድ 220 ቮልት በአውቶቡሱ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል።

ባለሙያ ጠርተው የሚያስደርጉት የሚከተለውን ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ዘንግ መኖሩን፣ ከቻርጀሩ ጋር የሚያገናኘው ሽቦም አለመቋረጡን ይፈትሽ፤ የዘንጉን ተቃውሞ በኧርዝ መለኪያ ይለካ፤ እኛ ከ10 ኦም በታች እንዲሆን እንሠራለን። ልኬቱ በበጋ ቢደገም ይመረጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ ተቃውሞው ስለሚጨምር በክረምት የተለካ ጥሩ ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ከዚያም ለቻርጀሩ የሚስማማ ዓይነት ሊኬጅ ብሬከር ይግባ፤ መሞከሪያ ቁልፉም ሲጫን የሚወርድ መሆኑ በየጊዜው ይታይ። አንዳንድ ሰዎች ድካም ለመቀነስ ኒውትራሉን (የኃይል መመለሻ ሽቦውን) ከኧርዝ መክተቻው ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝተው «ኧርዝ ሠራሁልህ» ይላሉ። ይህን ካዩ ሰውየውን ከግቢው ያስወጡ፤ የመንገድ ኒውትራል አንድ ቀን ከተበጠሰ አውቶቡሱ በሙሉ ፌዝ ይሆናልና። ቴስተር መብራቱም ኧርዝ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ፌዝ መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው።

የኬብሉን ውፍረትም አብረው ያስዩት። በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ 40 ኪሎዋት የሚስብ ቻርጀር በእያንዳንዱ ፌዝ ከ60 አምፔር በላይ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይወስዳል። ጥቂት ደቂቃ ለሚሠራ ብየዳ የበቃ ኬብል ለዚህ አይበቃም። የተጠቀለለ ኬብል ሳይፈታ መጠቀምም ሙቀቱን አፍኖ ልባሱን ያቀልጠዋል።

ሹፌር ከሱሉልታ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቻርጀሩን ወዲያው አስጠፍተን ባለሙያ አስጠርተናል። የኧርዝ ሽቦው ከቻርጀሩ ተነስቶ ግድግዳው ጥግ ድረስ ይመጣና ከምንም ጋር ሳይገናኝ በፕላስተር ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ዘንግ የሚባል አልተቀበረም። እስኪሠራ ድረስ ከተማ ውስጥ እየሞላን ነው፤ ይህም የስምሪት ክፍል ባልደረባዋ እህቴ እንዳሉት ከዳገቱ በፊት ሆነ ማለት ነው። ታምቡሮቹም ተፈትተው የአንዱ ጎን ሸራ ተለውጧል።

ጠዋት 90 አካባቢ ሆኖ ስነሳ አያያዙ በጣም ተሻሽሏል። ነገር ግን ብርድ ባደረበት ጠዋት፣ በተለይ ሱሉልታ ውርጭ ሲወድቅ፣ በ85 በመቶ እንኳ አናቱ ላይ መያዣው ደካማ ነው፤ ወርጄ ከተማ ውስጥ ስሽከረከር ይመለሳል። ይህ ሌላ ችግር ይሆን? ደግሞም ክረምቱ ሲገባ ስለ ጎርፍና ስለ አጠባው ምን ልጠንቀቅ? ረዳቴ አውቶቡሱን በግፊት ውኃ ማጠብ ይወዳል።

መካኒክ ከለገጣፎ፦

ሌላ ችግር አይደለም፤ ያው የመቀበል ጉዳይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል ለመስጠት ብዙም አይቸገር ይሆናል እንጂ ለመቀበል በጣም ይቸገራል። የሴሉ ሙቀት ከ0 ዲግሪ በታች ከሆነ መሙላት የተከለከለ ነው፤ ከዚያ በላይም ሆኖ ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ኩረንት ይገድባል። ሪጄን ደግሞ ለባትሪው ያው ቻርጅ ነው።

መፍትሔው የቻርጁን ሰዓት ማዛወር ነው። ማታ 2 ሰዓት ሰክታችሁት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሞላ፣ እስከ ንጋት ቆሞ ይቀዘቅዛል። ቻርጀሩ በሰዓት የሚታዘዝ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እንዲጨርስ አድርጉት፤ ባትሪው እየተሞላ ስለሚሞቅ፣ ሲነሱ ሙቀቱን እንደያዘ ወደ ቁልቁለቱ ይደርሳል። የባትሪ ማሞቂያ ያለው አውቶቡስ ከሆነም ሳይነቀል ማሞቅ ይሻላል።

ስለ ሱሉልታ ካነሣን አይቀር፣ ከፍታውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በተለመደው ዓለም አቀፍ አሠራር፣ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ ኃይል ከብረት ወደ ብረት እንዳይዘል የሚተወው የአየር ክፍተት ልክ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ክፍተቱ መስፋት አለበት፤ ለ3,000 ሜትር 1.14 እጥፍ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የእናንተ መስመር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቻርጀር ወይም ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚለውጥ ዕቃ) ስትገዙ የተፈቀደለትን ከፍታ በጽሑፍ ጠይቁ። የሳሳ አየር የማቀዝቀዝ አቅሙም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ የራዲያተርና የፋን ወንፊቶች በበጋ አቧራ እንዳይደፈኑ አዘውትራችሁ አጽዱ።

ነዋሪ ከአቃቂ ዳር፦

ስለ ክረምቱ እኔ ልመልስ፤ በእኛ በኩል ወንዙ ሲሞላ መንገዱን የሚሸፍንበት ጊዜ አለና።

የባትሪ ሳጥኖች ላይ አይፒ 67 የሚል ምልክት ያያሉ። ይህ ማለት ሳጥኑ አዲስ እያለ፣ ጎማ ማሸጊያዎቹም ሳይበላሹ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። በድንጋይ የተመታና ለዓመታት በኮረኮንች የተንገላታ ሳጥን፣ በጭቃና በሚወረወር ውኃ ውስጥ ያን ያህል ይችላል ማለት አይደለም። የውኃውን ጥልቀት ካላወቁ አይግቡ፤ ሌላው መኪና አልፏል ብለውም አይከተሉ። ውኃ እስከ ባትሪው ደርሶ ከሆነ፣ አውቶቡሱ ቢንቀሳቀስ እንኳ የኢንሱሌሽን ልኬት (ከፍተኛው ቮልቴጅ ከአካሉ ጋር አለመገናኘቱን የሚያሳይ) ሳይደረግለት ቻርጅ ላይ አይሰካ፤ ከቤትና ከሌሎች መኪኖችም ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ ይቁም። በውኃ የተጎዳ ባትሪ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ እሳት ሊነሳበት ይችላል።

አጠባውን በተመለከተ ያው ምልክት ነው የሚያሳስተው። አይፒ 67 ለመጥለቅ እንጂ ለግፊት ውኃ የተሰጠ ምልክት አይደለም። የግፊት ውኃውን ወደ ቻርጅ መክተቻው፣ ወደ ብርቱካናማ ኬብሎቹ ማያያዣዎችና ከወለሉ ሥር ወዳሉት ሳጥኖች አያነጣጥሩ፤ እዚያ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ቻርጅ ላይ እያለ በምንም ዓይነት አይታጠብ። የቻርጅ ማያያዣው ከተገጠመ በኋላ ዝናብ እንዳይጎዳው ሆኖ የተሠራ ቢሆንም፣ ከመግጠምዎ በፊት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውኃ ወይም ጭቃ አለመኖሩን ማየት፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ጥርስ ካለም አለመጠቀም ያስፈልጋል። ለመሙያ ቦታው የቆርቆሮ ጣሪያ ቢሠራለት ወጪው ብዙ አይደለም።

ሌላው የዝናብ ጉዳይ ከላይ የተባለውን ሁሉ ትንሽ ያወሳስበዋል። ሪጄን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። አስፋልቱ በመጀመሪያው ዝናብ ዘይትና አቧራ ተቀላቅሎበት ሲንሸራተት፣ እግርን በድንገት ማንሣት የኋላውን ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል። ጎማ ሲንሸራተት ኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው ሥርዓት) ሪጄኑን ያቋርጠዋል፤ ያን ጊዜ መያዣው ለቅጽበት የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ በዝናብ የሪጄኑን ደረጃ ወደ ዝቅተኛው አውርደው፣ ፔዳሉን ቀስ በቀስ እየለቀቁ፣ ከወትሮው በዝግታ መውረድ ይሻላል። ጠንካራ ሪጄን ሲይዝ የኋላ የፍሬን መብራት መብራቱንም ከኋላ ሰው አቁመው ያረጋግጡ፤ ካልበራ ከኋላዎ የሚመጣው ሲኖትራክ መቆምዎን አያውቅም።

በመንገዳችን ዳር አህያና በግ የሚነዱ ልጆች ብዙ ስለሆኑ፣ አውቶቡሱ በዝግታ ሲሄድ ድምፅ እንደሌለው ልብ ይበሉ። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማሰሚያ ካለው አያጥፉት።

የስምሪት ክፍል ባልደረባ፦

ስለ እሳት ማንም ስላላነሣ በአጭሩ እጨምራለሁ። ከወለሉ ሥር የፉጨት ድምፅ፣ ነጭ ጭስ ወይም እንግዳ የሆነ ጣፋጭ መሰል ሽታ ካለ፣ ጭሱ መርዛማ ጋዝ ስላለበት ሹፌሩ አጣርቼ ልምጣ ሳይል በሮቹን ከፍቶ ተሳፋሪው ጭሱ በማይነፍስበት፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ርቆ እንዲቆም ማድረግ አለበት። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው የዱቄት ማጥፊያ ለመቀመጫ ወይም ለ24 ቮልቱ ሽቦ እሳት ይጠቅማል፤ በባትሪው ውስጥ የተነሣ እሳት ላይ ግን አይሠራም፤ እሱን የሚያቀዘቅዘው ለረጅም ጊዜ የሚፈስ ብዙ ውኃ ነው። ወደ እሳት አደጋ መከላከያ 939 ስትደውሉ «የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ የሚያመጡት የውኃ መጠንና አቀራረባቸው በዚህ ላይ ይወሰናል። የበሩን የድንገተኛ መክፈቻ ረዳቱ በጨለማ እንኳ እንዲያገኘው ያለማምዱት።

ሹፌር ከሱሉልታ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ መንገድ ላይ ቢቆምብኝ እንደ ናፍጣው በገመድ አስሬ ማስጎተት እችላለሁ? ረዳቴም የብርቱካናማ ኬብሉን ማገናኛ ነቅሎ ማየት ይችላል ብሎ የነገረው አለ።

መካኒክ ከለገጣፎ፦

ሁለቱም አይሆኑም። የኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተተ ሞተሩ ሳይፈለግ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል፣ ኬብሎቹም ላይ አደገኛ ቮልቴጅ ሊያመጣ ይችላል። ወይ የኋላው ተነሥቶ ይጎተት፣ ወይ ኃይል የሚያስተላልፈው አክስል ይፈታ፣ ወይ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ይጫን። ከዚያ በፊት ግን 24 ቮልቱን ባትሪ ይለኩ፤ እሱ ሲደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም አውቶቡሱ አይነሣም፤ ብዙ ጊዜ «ሞተ» የሚባለው አውቶቡስ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

ብርቱካናማውን ኬብል ረዳትዎ አይንካው፤ እርስዎም አይንኩት። እኛ ስንሠራ እንኳ ቁልፉ ይጠፋል፣ 24 ቮልቱ ይነቀላል፣ የጥገና ማቋረጫው ወጥቶ የሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ቮልቴጅ እስኪወርድ መመሪያው የሚለው ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10፣ ይጠበቃል፤ ለ1,000 ቮልት በተፈቀደ ጓንትና መለኪያ ዜሮ መሆኑ ከታየ በኋላ ነው እጅ የሚገባው። ጓንቱም ከመልበስ በፊት አየር ተሞልቶ ቀዳዳ እንደሌለው ይፈተሻል። ረዳትዎ ማየት ያለበት የውጭውን ነው፤ የተላጠ ብርቱካናማ ልባስ፣ የወለቀ ማሰሪያ፣ ከባትሪው ሳጥን ሥር የድንጋይ ምት ወይም እርጥበት። ከእነዚህ አንዱን ካየ ለእርስዎ ይንገር፤ እርስዎም አውቶቡሱን አቁመው ለባለሙያ ይደውሉ።